ቀዩን ከቀዩ መለየት

የምኒልክን ቴምብሮች ለመሰብሰብ ስነሳ እጄን ያሟሸሁት በእንግሊዞቹ ባለ አንድ ፔኒ ቀይ ቴምብር ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ያለበት ይህ ቴምብር እጅግ በብዛት ስለታተመ፣ ተራው ዓይነት ዛሬም ርካሽ ነው፤ ቢሳሳቱበት አያስቆጭም።

ለንደን ውስጥ ከአንድ የእሑድ ገበያ ስልሳ ያህል ገዛሁና በዚያው ሌሊት በቀለም ለየኋቸው። ባለቤቴ አምፖል ሥር አጎንብሼ ብታየኝ፣ «ምስር እየለቀምህ ነው?» አለችኝ። ሦስት ክምር ወጣኝ፦ ቀይ ዳማ፣ ጡብ መሳይ፣ ጽጌረዳ። ጠዋት በመስኮት ብርሃን ሳያቸው ክምሮቹ ሁሉ ድብልቅልቅ ያሉ ናቸው። ቢጫው አምፖል ተጫውቶብኛል። ብርቅ ነው ብዬ ለብቻው ያስቀመጥሁት ጥቁር ቀይ ደግሞ ዕድሜ ያጠቆረው ተራ ቴምብር ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ከጥርሱ ጀመርሁ። የቴምብር ጥርስ፣ ማለትም ቴምብሩ ከሉሁ እንዲላቀቅ በተበሱት ቀዳዳዎች ምክንያት ዳሩ ላይ የሚቀረው ጥርስ መሳይ ነገር፣ የሚለካው በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች ብዛት ነው። ሁለት ቁጥር ከተጻፈ፣ ፊተኛው የላይና የታቹ፣ ኋለኛው የጎኖቹ ነው። ቀዩ ፔኒ በ1841 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲወጣ ጥርስ አልነበረውም፤ በመቀስ ይቆረጥ ነበር። በ1854 ጥርሱ 16 ሆነ። ቀዳዳዎቹ ስለተቀራረቡ ሉሁ በቀላሉ እየተቀደደ ሲያስቸግር፣ በ1855 ወደ 14 ወረደ።

አንዱን መለኪያው ካርድ ላይ 14 ከሚለው መስመር አስቀመጥሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች ገጠሙ፣ አምስተኛው ጋ ስደርስ ግን ከነጥቡ ወጣ። ወደ 16 ሳንሸራትተው ዳር እስከ ዳር ገጠመ። ገለበጥሁት፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ያዘለ፣ የውሃ ምልክቱም (ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የሚቀረው ደብዛዛ ምስል) ትንሿ ዘውድ። ቀለሙን ቀይ ዳማ ለማለት የደፈርሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ጥርስም ቢሆን ያታልላል። ጥርስ አልባ ብዬ የተደሰትሁበት አንዱ ቴምብር ጥግ ላይ፣ በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ መቀስ የሳተው ግማሽ ቀዳዳ አገኘሁ።

ፓሪስ ታትመው በ1895 የወጡት የምኒልክ ቴምብሮች ሰባት ናቸው፤ ጥርሳቸው 14 በ13½። ባለ አንበሳው አራት ግርሽ ትናንት ማታ እጄ ገባ። ጥርሱን ለካሁና፣ ቀለሙን ሳላይ ለጠዋት መስኮት ዳር አስቀመጥሁት።