ግፊት ላለባት ሴት ጨው ጨምሩ ሲሉን

አክስቴ የአድሬናል ቀዶ ጥገና ስታደርግ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነበር። ትልቁ ሥራ ግን ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ቤት ነው ያለቀው።

አድሬናል ከኩላሊት በላይ ያለች ትንሽ ዕጢ ናት። እሷ ላይ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እብጠት ወጥቶ ግፊቷን ድንገት ያንረዋል፤ ራሷን ይወቅራታል፣ ያልባታል፣ ልቧ ይመታል፣ ከዚያ ጥሎ ይሄዳል። ታዲያ ይሄ ዝም ብሎ አይነካም። መጀመሪያ የደም ሥር የሚያላላ መድኃኒት፣ አልፋ ብሎከር፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። የተኮማተረው ሥር ሲላላ ፈሳሽ ስለሚያንሰው ሐኪሙ ውኃና ጨው ጨምሩላት አለን።

ጉድ ፈላ! «ግፊት እያለባት ጨው? ልትገድያት ነው?» ያላለ ጎረቤት የለም። በዚያ ላይ ጾም ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም አለች። ብለምናት አልሰማ ስትለኝ የንስሐ አባቷን ጠራሁ። እሳቸው «በሽተኛ ነሽ፣ ጠጪ» ብለው ጨረሱት። እኔ እስኪደክመኝ ያወራሁትን!

ሆስፒታሉ የሚከተለው ዴንማርካዊው ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስጀመሩትን ቶሎ የማገገሚያ መንገድ ነው። እህል ማደንዘዣው 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ወተት የሌለው ሻይ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል። በትንንሽ ቀዳዳ በላፓሮስኮፒ አወጡላት። ዕጢው ሲወጣ ግፊትም ስኳርም ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም። ትከሻዬን አመመኝ ስትል ደነገጥኩ፤ ለካ ሆድ ውስጥ የሚነፋው ጋዝ ነው።

ቶሎ እንድትራመድም አዘዙ። ቤት ስንመለስ ግን ጠያቂው ሁሉ ጋቢ እየደረበ «ተኚ፣ ቁስሉ ይፈታል» ይላታል። ከሰው ጋር መከራከር ሰለቸኝና ሥራ ሰጠኋቸው፤ የመጣ ሁሉ ደግፎ እስከ አጥር በር ያደርሳታል፣ ከዚያ ቡና ይጠጣል። ሠራ!

የጨውን ነገር ግን ሐኪም ሳያዝ እንዳትሞክሩ። ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያመነጭ እብጠት ያለበት ሰው ዝግጅቱ ሌላ ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላም ሃይድሮኮርቲዞን የሚባል ምትክ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የሷ ዓይነት በዘርም ሊመጣ ስለሚችል ልጆቿ እንዲመረመሩ ተነግሮናል። ትልቋ ሄዳለች፤ ታናሹን ገና እየጎተትኩት ነው።