ኩላሊቴ ነው ወይስ ዱቄቱ?

«የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለኝ ዶክተሩ። «ምንም የለም» አልኩት። አልዋሸሁም። ለጡንቻ ጉልበት የምጠጣው ክሪያቲን የሚባል ዱቄት መድኃኒት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለአዲስ ሥራ የጤና ምርመራ ተጠይቄ ነው የሄድኩት፣ ያውም በመጻጉዕ ሳምንት። ወረቀቱ ላይ ክሪያቲኒን (የኩላሊት መለኪያ ነው) 1.5 ይላል፤ አጠገቡ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አለች። ዶክተሩ ስለ ኩላሊት ማውራት ሲጀምር ጆሮዬ ጭው አለ። ገና 31 ዓመቴ ነው። ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አየችና «ያ ነጭ ዱቄት ነው!» አለች። ከዶክተሩ ቀደመችው።

ዱቄቱን የጀመርኩት ጾሙ ሲገባ ነው። የጂም ጓደኛዬ ከዱባይ የመጣለትን አካፈለኝ። ያኔ የተከራከርነው ስለ ኩላሊት አልነበረም፤ «የጾም ነው የፍስክ?» እያልን ነበር። ክሪያቲንን እ.ኤ.አ. በ1832 ፈረንሳዊው ሼቭረል ያገኘው ከሥጋ ውስጥ ነው፤ ስሙም ከግሪክኛው «ሥጋ» የመጣ ነው። ገበያ ላይ ያለው ግን በፋብሪካ የሚሠራ ስለሆነ እንስሳ የለበትም። (ከእንስሳ የሚሠራው የካፕሱሉ ጄላቲን ሌላ ጣጣ ነው።) አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውን ያህል፣ 5 ግራም፣ በየቀኑ በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ክምችት አነስ ስለሚል ዱቄቱ ጎልቶ ይሠራለታል። ለእኔም ሠርቶልኛል።

ከድንጋጤው በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ሰውነታችን ክሪያቲንን ራሱ ይሠራል፣ ከሦስት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች በሏቸው)። አርጂኒንና ግላይሲንን በዋናነት ኩላሊት ያጋጥማቸዋል፤ ከዚያ ጉበት ከሜታዮኒን የመጣች ቁራጭ ይለጥፍበትና ያልቃል። በቀን አንድ ግራም ገደማ። ዱቄት ስትጨምርለት ታዲያ ኩላሊት ይህን ሥራ የሚያስጀምረውን ኤንዛይም ይቀንሳል። እንጀራው ተጋግሮ እየመጣ ማን ምጣድ ይጥዳል? አሚኖ አሲዶቹም ለሌላ ሥራ ይተርፋሉ።

ክሪያቲኒን ሌላ ነው፤ በአንዲት «ኒ» ብቻ ይለያያሉ። አመዱ ነው በሉት። ጡንቻ ውስጥ ካለው ክሪያቲን በቀን ወደ 2 በመቶ የሚጠጋው በራሱ ጊዜ ወደ ክሪያቲኒን ተቀይሮ በሽንት ይወጣል። ላቦራቶሪው የሚለካው ይህንን አመድ ነው። አመዱ የበዛው እንጨት ስለበዛ ይሁን ጠራጊው ስለታመመ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ተመልሼ ለዶክተሩ ነገርኩት። «ዱቄትም ቢሆን ይነገራል እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ። ሲስታቲን ሲ የሚባል፣ ክሪያቲን የማያሳስተው ምርመራ እንዳለም ነገረኝ። እስከዚያው ግን አቁመህ ድገም አለኝ። በሰሙነ ሕማማት ደገምኩ፤ 1.1።

የፋሲካ ዕለት እማዬ ሥጋውን ፊቴ አስቀምጣ «ይኸው ክሪያቲኒንህ!» አለችኝ። አላረምኳትም።