«ለስድስት ቀን ነው?»

ድሬዳዋ ውስጥ ልጆችን በእግር እያዞሩ የጦርነት ታሪክ ማስተማር የሚከብደው በታሪኩ አይደለም። በፀሐዩ ነው። ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ከለገሃር ካልተነሳችሁ፣ ሦስት ተኩል ሲሆን የልጆቹ ዓይን ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ጆሯቸውም ይከተለዋል።

በሥራ ቀን ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ቢሮ በሚያዘጋጀው ጉብኝት ላይ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆችን ይዤ እዞራለሁ። መንገዱ ያው ነው። ከለገሃር ተነስተን በከዚራ እናልፍና አሸዋማውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ እንገባለን። ባቡር ጣቢያው በር ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴን አነሳለሁ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው በዚሁ ሐዲድ፣ በዚሁ ከተማ በኩል አልፈው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። በሳምንቱ ጣሊያን ድሬ ገባ። ልጆቹ እስከዚህ ድረስ ስልካቸውን አያወጡም።

ከዚያ የምወዳት ቦታ ትመጣለች። «መጋቢት 20 ምን ቀን ነው?» እላቸዋለሁ። ዝም ይላሉ። መጋቢት 20 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን ደበደቡ። ሐረር ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ ታውጆ ነበር፤ ቦምቡ ግን ወረደ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933፣ በእንግሊዝ ትእዛዝ ስር የነበረው የደቡብ አፍሪካ ጦር ድሬዳዋ ገባና ጣሊያን ለቀቀ። ሁለቱም ፈረንጆቹ ማርች 29 የሚሉት ቀን ነው። ይህን ግጥምጥሞሽ ማንም አልነገረኝም። አንድ ማታ የሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ቁጭ ብዬ ሳነጻጽር ራሴ ያገኘሁት ነው። ይህን የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገውን የ1969ኙን ጦርነት ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ጣጣውም ያለው እዚያ ላይ ነው። የ1928ቱን ያዩ ሰዎች መጥተው አያርሙህም። የ1969ኙን ያዩት ግን ሳምቡሳ እየሸጡ ነው።

ይህ ሥራ የራሱ አነጋገር አለው። «ሶማሌ ወረረን» አይባልም። ከፊትህ ከተቀመጡት ልጆች ስንቱ ቤቱ ሲገባ ሶማሊኛ እንደሚያወራ ታውቃለህ። «የዚያድ ባሬ ጦር» ትላለህ። አንዴ የተሳሳተ አስጎብኚ አይቻለሁ። አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከመስመሩ ኋላ ኋላ ሲል ዋለ። እሱን ነገር ከዚህ በላይ አላነሳውም።

ወደ ጉዳዩ። ቢሮው የሚያድለው በራሪ ወረቀት አለ። ባለ ቀለም ነው፣ ያምራል። ጀርባው ላይ «ነሐሴ 17 ቀን 1969 ዓ.ም. የወራሪው ጦር ድሬዳዋን በታንክ አጠቃ» ይላል። የዚያን ቀን መድፉ ሲሚንቶ ፋብሪካው ድረስ ደረሰ፣ ታንኮቹም ወደ አየር ማረፊያው ተጠጉ። ከተማዋ ግን ተረፈች። ጅጅጋ ሳምንታት ቆይታ በመስከረም 1970 ወደቀች፤ ድሬ አልወደቀችም። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ተናግሬዋለሁ። ነሐሴ 17 እያልኩ።

መጋላ ውስጥ፣ ከደቻቱ ዳር ብዙ ሳንርቅ አንዲት እናት ዛፍ ስር ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣሉ። ሁልጊዜ እዚያ የምቆመው ለታሪኩ ሲባል አይደለም፤ ለጥላው ነው። የዚያን ቀን ልጆቹ ሳምቡሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔም ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።

«ነሐሴ 17 ቀን...»

«ዋሪያ!» አሉኝ እማማ። ከሰሉን እያራገቡ ነው፤ ቀና እንኳን አላሉም። «ነሐሴ ስንት አልክ?»

«17፣ እማማ።»

«ፍልሰታ መቼ ነው የሚፈታው?»

እማማ ሙስሊም ናቸው። ድሪያቸውን ለብሰዋል፣ መቁጠሪያቸው ከስኒው ጎን ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ጾሜ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም የማስተምረው ጦርነት እንጂ ጾም ስላልሆነ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ዝም አልኩ። ከልጆቹ መሃል አንዷ፣ ሳምቡሳ አፏን ሞልቶት፣ «በ16 ነው የሚፈታው!» አለች።

«ጎበዝ» አሏት እማማ። አሁን ቀና አሉ። «ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ረመዳን ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የጎረቤታችን ልጆች ደግሞ ለፍልሰታ ሊቆርቡ ነጠላቸውን ለብሰው ከግቢ ወጥተው ነበር። መድፉ ሲጀምር እናታቸው በባዶ እግሯ ሮጣ መለሰቻቸው። እነሱም ጾመኛ፣ እኛም ጾመኛ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ስር ገባን። አዛን ቢባልም አልሰማንም፤ ማፍጠሪያችንን ያወቅነው ሲጨልም ነው። በ17 ቢሆን እነሱ ምን ይጾማሉ? ሥጋ ይበሉ ነበር እኮ!»

ልጆቹ ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት። እኔም ሳቅኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም የሚሳቀውን ሳቅ ታውቁታላችሁ።

«ታንኮቹን አይተዋል?» አላቸው አንዱ ልጅ።

«የለም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት» አሉ። «አልጋ ስር ሆኜ ምኑን አያለሁ?»

ቤት ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። ፈረንጆቹ ጥቃቱን ኦገስት 17 ቀን 1977 ነው የሚሉት። ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ነው። ስለዚህ ኦገስት 17 ነሐሴ 11 ይሆናል። ቁጥሩን ማንም ሳያሰላ እንዳለ አንስቶ ወሩን ብቻ ቀይሮታል። የሂጅራ 1397ን ረመዳንም ፈለግኩ። የገባው ነሐሴ 10 ገደማ ነው። ሁለተኛ ቀኑ 11። ፍልሰታውም ገና አምስት ቀን ይቀረዋል። እማማ ወረቀት ሳይዙ፣ ከሰል እያራገቡ፣ ሁለት ጾም አገጣጥመው ቀኑን አግኝተውታል።

ሰኞ ለኃላፊያችን ነገርኩ። ጠረጴዛው ላይ የወረቀቱ እሽግ ተቆልሎ ነበር። ገና አዲስ ነው፣ ቀለሙ ይሸታል።

«ለስድስት ቀን ነው?» አለኝ።

«የጦርነት ቀን ነው እኮ።»

«ገባኝ። ግን ነሐሴ ነሐሴ ነው። ልጆቹን ለምን ግራ እናጋባለን? በሚቀጥለው ህትመት ይስተካከላል።»

የሚቀጥለው ህትመት መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለስብሰባ የሚታተም ባነር ላይ የእሱ ስም አንድ ፊደል ቢሳሳት ሌሊቱን ሙሉ ማተሚያ ቤት እንደምናድር ግን አውቃለሁ። አድረናልም።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር ሐሳቤ። ቢሮው ተሳሳተ፣ እኔ አረምኩ ብዬ። ግን ማክሰኞ አሮጌውን ፋይል ስከፍት የመጀመሪያውን ረቂቅ አገኘሁት። ግርጌው ላይ «ያጣራው» ይላል። ከአጠገቡ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የመጋቢት 20ን ግጥምጥሞሽ ያገኘሁ ጊዜ የፈረምኩት ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ስኩራራ ይሄኛውን ሳላየው ያለፍኩት ይመስለኛል። ለኃላፊያችን አላሳየሁትም። እሱም ፋይል የሚከፍት ሰው አይደለም።

ስለዚህ ዓርብ ማታ ሁለት ቢክ ገዝቼ ለነገው ቡድን የሚበቃውን ወረቀት ተሸክሜ ቤት ገባሁ። 17ን ሰርዤ 11 እጽፋለሁ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ መጥታ አየችኝ። «ተቀጣህ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

በማግስቱ ልጆቹን ይዤ እማማ ጋ ስደርስ ለሁሉም ሻይ አዘዝኩ፤ ካሳ መሆኑ ነው። «ዛሬ እኔ አልናገርም፣ እማማ ይንገሩን» አልኩ። ቀኑን የሚያውቅ ሰው እያለ እኔ ምን አደርጋለሁ?

እማማ ተናገሩ። ነሐሴ 11። ረመዳን፣ ፍልሰታ፣ ነጠላው፣ አልጋው። ልጆቹ ፀጥ ብለዋል፤ አንድም ስልክ አልወጣም። ከዚያ፣ «በመስኮት ሳይ አንድ ታንክ» አሉ።

አልጋው ስር መስኮት አልነበረም። ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ታንኮቹ ሦስት ሆኑ። ደቻቱ አሸዋው ላይ ቆመዋል፤ አንዱ አፈሙዙን ወደ እማማ ቤት አዙሯል። አንድም ታንክ ደቻቱ አልደረሰም፤ ከከተማው ዳር ነው የተመለሱት። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ በትክክል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እማማን ግን በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ማረም የሚችል አፍ አልነበረኝም። ሻዬን ጠጣሁ። እማማ እንደሆነ በደንብ አስተውለውኛል፤ ሁለተኛውን ስኒ ሳልጠይቅ ነው የቀዱልኝ።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ቲቸር፣ ታንኮቹ ደቻቱ ገብተዋል ብዬ ልጻፍ?»

«ቀኑን ጻፍ» አልኩት።