የደብረ ብርሃኑ የገብስ ሾርባ

በታኅሣሥ ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ይቀይራል። ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ የሚያልፈው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ወር ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ረፋዱ ላይ እንኳ ሰው ሁሉ ፀሐይ ፀሐዩን ይዞ ነው የሚሄደው።

የአንኮበር መኪና እስኪሞላ አንዲት ትንሽ ካፌ ገባሁ። በሩ ላይ «የጾም ሾርባ አለ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ሾርባ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዱቄት የተበጠበጠበት፣ ካሮት ጣል ጣል የተደረገበት ውሃ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው።

ሳህኑ ሲቀርብ ቀድሞ የመጣው የጦስኝ ሽታ ነው። ከሥሩ ደግሞ የታመሰ ገብስ ሽታ አለ። ገብሱ ሙክክ ብሏል፤ ግን አልፈረሰም፤ ጥርስ ላይ ይገኛል። መረቁ ማንኪያው ጀርባ ላይ ይቀራል እንጂ ወዲያው አይወርድም። ፊት ለፊቴ በርኖስ የደረቡ አባት ዳቧቸውን እያጠቀሱ፣ ቃሪያ እየገመጡ ጨረሱና ድገሙኝ አሉ። እኔም አስደገምኩ።

ሥራው ጋብ ሲል ሾርባውን የሚሠሩትን እናት ጠየቅኳቸው።

«እናቴ፣ በምንድነው ያወፈሩት?»

«በምንም። ገብሱ ራሱ ያወፍረዋል። ሽርክቱን አመስ አድርገህ ማታውኑ ትዘፈዝፋለህ። ጠዋት በዝግታ ታበስላለህ። ካጣደፍከው ውሃው ለብቻው፣ ገብሱ ለብቻው ይሆንብሃል።»

«ጦስኙስ?»

«እሱማ መጨረሻ ላይ ነው ልጄ። አብሮ ከተንተከተከ ሽታው ሁሉ ሄደ አይደል?»

በዚያ ብርድ ጤፍ እንደ ልቡ አይበቅልም። ገብስና ባቄላ ግን ይችሉታል። ገብስ የእህል ንጉሥ የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። በሶው፣ ቆሎው፣ ቅንጬው፣ ጠላው ሁሉ ከእሱ ነው። ጦስኙም የደጋው ነው፤ ከብርዱ ጋር የተስማማ አጭር ቅጠል። ስለዚህ ያቺ ካፌ ከሩቅ ያመጣችው ነገር የለም። ደጃፏ ላይ ያለውን ነው ያበሰለችው። ሾርባዋን ያከበርኩትም ለዚህ ነው። ዙሪያው የገብስ ማሳ የሆነ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ በፓኬት ሾርባ መሞቅ ያሳዝናል።

አንኮበር ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ወጥቼ ገደሉን ቁልቁል አየሁ። እሱ ራሱን የቻለ ወግ ነው፤ ሌላ ጊዜ። ስመለስ ከደብረ ብርሃን ገበያ ሽርክት ገብስና አንድ እሽግ ደረቅ ጦስኝ ገዝቼ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ቤት ደርሼ እንዲህ ሠራሁት። ለአምስት ሰው አንድ የሻይ ብርጭቆ ሽርክት በቂ ነው፤ ሲበስል ያብጣል። ለቅሜ በብረት ምጣድ ላይ መልኩ ወርቃማ እስኪሆን አመስኩት። እዚህ ላይ ዓይን መንቀል አይገባም። ከወርቃማ ወደ ጥቁር የሚሄደው በቅጽበት ነው፤ ከጠቆረ ደግሞ ሾርባው ይመራል። ሲበርድ አጥቤ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። መዘፍዘፉ የሚዘለል አይደለም። በደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ አዲስ አበባም 92 አካባቢ ነው። ያልተዘፈዘፈ ገብስ በዚህ ሙቀት ከሰል ይጨርሳል።

በማግስቱ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፌ በዘይት አቁላላሁ። ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ጨመርኩ። ከዚያ ገብሱን፣ አንድ እፍኝ ምስር ክክና ሁለት ሊትር የፈላ ውሃ። እሳቱን ቀንሼ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ፣ አልፎ አልፎ ከሥር እያማሰልኩ ከአንድ ሰዓት በላይ ተውኩት። ምስሩ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ሾርባውን ደንደን ያደርገዋል። ካሮትና ድንች የገቡት ገብሱ ሊበስል ሲል ነው። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ አንድ ቁንጥር ጦስኝ በእጄ ፈትጌ በተንኩና ወዲያው ከእሳት አወረድኩት። ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ «ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። ሳህን ይዛ እንድትመለስ ነገርኳት።

ሲያድር ገንፎ ይመስላል፤ ገብሱ ውሃውን ይጠጣዋል። ሲሞቅ ቀዝቃዛ ሳይሆን የፈላ ውሃ እያከሉ ማቅጠን ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በውሃው ፈንታ የበግ አጥንት መረቅ፣ ሲወጣ ላዩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የሸኖ ቅቤ። ለገና ማግስት አጥንቱን ከወዲሁ ለባለ ሥጋ ቤቱ ነግሬዋለሁ።