የእንቆቆ ቤተሰብ ያስነሣው ክርክር

በምሠራበት የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ በተለምዶ ሄርባሪየም በምንለው ክፍል፣ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ተጨንቆ መጣ። የመመረቂያ ጥናቱን ያካሄደው ለኮሶ ትል መድኃኒትነት ሲያገለግል በኖረው በእንቆቆ ላይ ሲሆን፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ቤተሰቡ ሚርሲናሴ ሆኖ ሳለ ፕሪሙላሴ ብለሃልና ተክሉን አልለየኸውም» በማለት የላብራቶሪ ሥራው በሙሉ እንዲደገም ጠይቀውት ነበር። ቤተሰብ ማለት ተቀራራቢ ዕፅዋትን በአንድ ስም የሚያጠቃልል የምደባ እርከን ነው፤ ሚርሲናሴና ፕሪሙላሴም የቤተሰብ ስሞች ናቸው።

ያስቀመጠውን ናሙና ከአቃፊው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ እንጨታማ ሐረግ ነው፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሳይሆኑ በፈረቃ የበቀሉ፣ ድቡልቡል ፍሬው ደግሞ አንድ ዘር ብቻ የያዘ ነው። አበባውን በአጉሊ መነጽር እንዲመለከት ጋበዝኩት። እያንዳንዱ የወንዴ ዘንግ የቆመው በሁለት የአበባ ቅጠሎች መካከል ሳይሆን ከአንዱ ቅጠል ፊት ለፊት ነው። ይህ ምልክት በሚርሲናሴም በፕሪሙላሴም ስለሚገኝ፣ የሁለቱ መቀራረብ የዘረመል ምርመራ ከመምጣቱ በፊትም በዓይን የሚታይ ነበር።

ኤምቤሊያ የተባለውን ጂነስ፣ ማለትም በቤተሰብ ሥር ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዘውን ምድብ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ቡርማን የሰየመው በ1768 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛው እንቆቆ ኤምቤሊያ ሺምፐሪ ሲሆን፣ ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ዕፅዋት ለሰበሰበው ለጀርመናዊው ሺምፐር መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ጂነሱም ዝርያውም ባሉበት ናቸው፤ የተለወጠው ቤተሰቡ ብቻ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤፒጂ 3 የተባለው ምደባ የዘረመል ማስረጃን ተመርኩዞ ሚርሲናሴን በፕሪሙላሴ ሥር ስላጠቃለለው፣ ቀድሞ አብረውት የተመደቡት ቀጨሞና ከለዋ የተባሉት ዕፅዋትም ከእንቆቆ ጋር ተዛውረዋል። ገምጋሚው የጠቀሱት ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ስለነበር፣ እርሳቸውም ተማሪውም የሚናገሩት ስለ አንድ ተክል ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የናሙናው ቁጥር የትም አልተጠቀሰም። ቁጥሩ ቢኖር ኖሮ ማንም ተጠራጣሪ መጥቶ ቅጠሉንና ፍሬውን ራሱ ያያል፤ ከሌለ ግን ክርክሩ ሁሉ በስም ላይ ይቀራል፤ የወራት ድካምም በዚያ የተነሣ ሊወድቅ ይችላል። ለገምጋሚው በጻፍኩት ደብዳቤ ቁጥሩን፣ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ የቤተሰቡንም አሮጌና አዲስ ስም አስፍሬ ናሙናውን መጥተው እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። መጥተው አዩ፤ ሥራው እንዲደገም ያቀረቡትንም ጥያቄ አነሡ። ክፍላችንም አሁን በሚሰጠው የመለያ ማረጋገጫ ሁሉ ላይ ከዝርያው ሙሉ ስም ቀጥሎ የናሙናውን ቁጥርና የተከተለውን የምደባ ሥርዓት ይጽፋል።