ኒውሮሎጂ ለመግባት ሁለት ጊዜ አመለከትኩ

ማርች 11 ቀን 2024፣ ሰኞ። ኢሜይሉ ሲመጣ ተረኛ ነበርኩ። ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። የትኛውም ቦታ ላይ ማች አላደረግክም፣ እናዝናለን ይላል። ማች የአሜሪካ አሠራር ነው፤ አመልካች ሐኪሞችንና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ፕሮግራሞችን በሁለቱም ምርጫ ያጣምራል። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ በሽተኛዬ ተመለስኩ። የከፋኝ ማታ ቤት ስገባ ነው።

ያን ዓመት አሜሪካ ውስጥ 90 የኒውሮሎጂ (የአንጎልና የነርቭ ሕክምና) ሥልጠና ፕሮግራሞች ላይ አመልክቼ የጠራኝ አንድ ብቻ ነው። ጓደኞቼ «ዕድል ነው» አሉኝ። ደስ የሚል ማጽናኛ ነው፣ ግን እውነት አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነበር።

መጀመሪያ ነገር ዘገየሁ። ስቴፕ 1 የሚባለው የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹ በቁጥር የሚያዩት ቀጣዩን ፈተና፣ ስቴፕ 2 ሲኬን ነው። እኔ ናይሮቢ ሄጄ ተፈትኜ ውጤቱ የደረሰኝ ኦክቶበር መጨረሻ ነው። ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ስደርስ ገበያው ተበትኗል። ሲግናል የሚባል ነገርም አለ፤ «እናንተን በጣም እፈልጋለሁ» ብለህ ለጥቂት ፕሮግራሞች ብቻ የምትልከው ምልክት ነው። የኔን ሁሉንም ስማቸው ለገነነ ዩኒቨርሲቲዎች በተንኩት። ከመካከላቸው የውጭ አገር ምሩቅ በብዛት የሚቀበል መኖሩን እንኳ አላጣራሁም።

ከሁሉ የባሰው ግን ፐርሰናል ስቴትመንቱ፣ ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሴ የጻፍኩት ጽሑፍ ነው። አሁን ሳነበው አፍራለሁ። «አንጎል የተፈጥሮ ታላቅ ምስጢር ነው» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ማን አይልም?

ሁለት ዓመት ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቻለሁ። ይህን በአንድ መስመር ነበር ያለፍኩት። ሲቲ ስካን የሌለበት፣ የሪፍሌክስ መዶሻ ስናጣ በስቴቶስኮፕ ጠርዝ ጉልበት የምንመታበት ቦታ ነው። አሜሪካኖቹ ምን ይሉኛል ብዬ ደበቅኩት።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ2024 ክረምት ያደረግኩት የአንድ ወር ኦብዘርቨርሺፕ፣ አሜሪካ ሆስፒታል ገብቶ እያዩ መማር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት አርፌ ነበር። ኦብዘርቨር በሽተኛ መንካት አይፈቀድለትም። ለሦስት ሳምንት እጄን ወደኋላ አጣምሬ ቆሜያለሁ። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ገቡ። የቀኝ ዐይናቸው ቆብ ወድቋል፣ ብሌኑ ሰፍቷል፣ ዐይኑም ወደ ውጭ ዞሯል። ግራ እጅና እግራቸው ደክሟል። አማካሪ ሐኪሙ ኤምአርአዩን ከመክፈታቸው በፊት ወደኛ ዞረው ጉዳቱ የት እንደሆነ ጠየቁ። ሬዚደንቶቹ፣ ሥልጠና ላይ ያሉት ሐኪሞች፣ ዐይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። እኔ «ሚድብሬይን፣ በቀኝ በኩል» አልኩ። ሚድብሬይን የአንጎል ግንድ የላይኛው ክፍል ነው፤ ሕመሙም ዌበር ሲንድረም የሚባለው ነው። ስክሪኑ ሲበራ እዚያው ነበር። የት ተማርከው አሉኝ። «ሲቲ የሌለበት ሆስፒታል» አልኳቸው። ሳቁ። የድጋፍ ደብዳቤዬን በኋላ የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው።

ማታውኑ ስቴትመንቱን ከዜሮ ጻፍኩት። ስለ አንድ ክብሪት።

ደቡብ ጎንደር ሳለሁ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ወደቀች። ሰው ተሰበሰበ። አባቷ ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው ጫሩና አፍንጫዋ ሥር ያዙት። እንደምታውቁት የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ክብሪት ካሸተተ ይነቃል ይባላል። አይነቃም፤ መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ነው የሚቆመው። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ የቆዩ የቃጠሎ ጠባሳዎች ነበሩ። አባቷ ሲጋራ አያጨሱም። ክብሪቱን የሚይዙት ለእሷ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጀመርንላት። በሦስተኛው ወር ተመልሰው ሲመጡ አባትየው ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው «ዛሬ እንኳ አልያዝኩም» አሉኝ።

ይኸው ነው የጻፍኩት። ስለ አንጎል ምስጢር አንድ ቃል የለበትም። በእንግሊዝኛ ክብሪትም «ማች» መባሉ ትዝ ያለኝ ከላክሁት በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዙር 45 ፕሮግራም ብቻ መረጥኩ። የማመልከቻ ክፍያው ያኔ እስከ 30 ድረስ ለእያንዳንዱ 11 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 30 ዶላር ነበር፤ በድምሩ 780። ለሥልጠና የሚሰጠውን ጄ-1 ቪዛ የሚቀበሉትን፣ ሬዚደንቶቻቸው ውስጥ የውጭ ምሩቅ ያለባቸውን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሲግናሎቼም ወደነዚያ ሄዱ። ማመልከቻዎች በሚከፈቱበት በሴፕቴምበር 25 ሁሉ ነገር ተሟልቶ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኒውሮሎጂ ሥልጠና አራት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት በዋናነት ውስጥ ደዌ ነው። ካቴጎሪካል የሆነው ፕሮግራም አራቱንም ይሰጥሃል። አድቫንስድ የሆነው ግን ከሁለተኛው ዓመት ነው የሚጀምረው፤ የመጀመሪያውን ዓመት፣ ፕሪሊሚነሪ የሚሉትን፣ ለብቻ አመልክተህ ታገኛለህ። ይህን ሳያውቅ ኒውሮሎጂውን አግኝቶ የመጀመሪያ ዓመት የጎደለው አለ።

ስድስት ኢንተርቪው መጣልኝ። ሁሉም በዙም ነበር። የመጀመሪያው ላይ ጉድ ሆኜ ነበር። ሰዓቱ በምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት 9 ነው። እኔ 7 ሰዓት ጨምሬ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ሱፌን ግጥም አድርጌ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። ለካ ኖቬምበር 3 ሰዓታቸውን ወደኋላ መልሰዋል፤ ልዩነቱ 8 ሆኗል። አንድ ሰዓት ሙሉ ላፕቶፔን ከፍቼ ጠበቅኩ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ በባትሪ ነው። 11 ሰዓት ሆኖ በገባን በሃያኛው ደቂቃ ላፕቶፑ ጠፋ። ቀሪውን ስልኬን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፌ ጨረስኩት። እነሱ ደግ ነበሩ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ፓወር ባንክ ገዛሁ፣ ሰዓት መቁጠሩንም ለስልኬ ተውኩለት።

በጣም የወደድኩት ኢንተርቪው ስለ ጓያ ያወራንበት ነው። ጠያቂዋ ፎገራ አካባቢ መሥራቴን አይታ «ጓያ የሚያሽመደምዳቸውን አይተሃል?» አለችኝ። አይቻለሁ። በጣቶቻቸው ጫፍ፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል። ሰው ሌላ የሚበላው ሲያጣ ለወራት እሱኑ ይበላና እግሩን ያጣል። የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የጓያ ጥናቶች አንስተን የተሰጠን ጊዜ አለቀ። ስለ ስቴፕ ውጤቴ ማንም አልጠየቀኝም።

ከኢንተርቪው በኋላ ፕሮግራሞቹን በደረጃ የምታስቀምጡበትን የምርጫ ዝርዝር ስታስገቡ «ማን ወደደኝ» እያላችሁ አታስሉ። የምትፈልጉትን በምትፈልጉት ቅደም ተከተል አስቀምጡ። የማች ስሌት የተሠራው እንደዚያ ነው፤ አሠራሩን ያሻሻሉት አልቪን ሮዝ በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። እኔ የጓያዋን ጠያቂ ፕሮግራም አንደኛ አደረግኩ።

ማርች 21 ቀን 2025፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። እናቴ ቡና አፍልታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከፈትኩት። የጓያዋ ነበረች።

እልልታው ሲበርድ እማ «ስንት ዓመት ነው?» አለችኝ። አራት አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ቪዛው ጄ-1 ስለሆነ ስጨርስ አገሬ ተመልሼ ሁለት ዓመት መቆየት እንዳለብኝ፣ የኛው ጤና ሚኒስቴርም ደብዳቤ እንደሚጽፍልኝ አስረዳኋት።

«ሕጉ ነው እንዲህ የሚለው?»

«አዎ እማ።»

«ያወጣው ሰው ይባረክ» አለችና ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ሁለቱን ዓመት ስለሚያስቀረው፣ ዌቨር ስለሚባለው ነገር አልነገርኳትም።