ከጩቤ ወደ አጭር ቢላ፦ በለውዝ ማሳ ጥበቃ የተማርኩት

የምኖረው ሐረር ነው። አጎቴ ባቢሌ አካባቢ ለውዝና ማሽላ ያርሳሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ለውዙ ከመሬት ወጥቶ እስኪደርቅ ድረስ፣ ቅዳሜና እሁድ እየሄድኩ አብሬያቸው ማሳ እጠብቃለሁ። የምንጠብቀው ከከርከሮ ነው። ይህ ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን እስካሁን ሁለት ቢላ ይዤ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያው ምርጫዬ ከላይ እስከ ታች ስህተት ነበር። አዲስ ጀማሪ ካላችሁ ከዚያ ስህተት እንድትድኑ ብዬ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ ከርከሮ አንገድልም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። በዚያ ላይ አካባቢው በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ያለበት ነው። ሥጋውንም በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አይበላውም። ሥራችን ማባረር ነው። ጅራፍ እናጮሃለን፣ ቆርቆሮ እንመታለን፣ እንጮሃለን፣ አጥር እንጠግናለን። እንደዚያም ሆኖ ያለ ቢላ ማሳ አይዋልም። ቢላው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ነው አንድ ሙሉ ወቅት የፈጀብኝ።

መስከረም 2017 ላይ ከገበያ አንድ ጩቤ ገዛሁ። ስለቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱም ጎን የተሳለ። ሲያዩት ያስፈራል። ያን የመረጥኩት ቪዲዮ አይቼ ነው። አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ አሳማውን በውሾች አስይዘው በቢላ የሚገድሉ አዳኞች አሉ። እነሱ ረጅምና ሹል ቢላ ይመርጣሉ፤ ዓላማቸው በአንድ ምት ልብ ድረስ መድረስ ነውና። እኔም "ከርከሮም ያው አሳማ ነው" ብዬ ደመደምኩ። የእነሱ አሳማ ግን ከቤት አሳማ የመጣ ነው፤ ጫካ ገብቶ ዱር የሆነ። የእኛው ከርከሮ ሌላ እንስሳ ነው። ሥራውም ሌላ ነው።

ይህን አጎቴ በመጀመሪያው ቀን አስረዱኝ። ከርከሮ በአብዛኛው የቀን እንስሳ ነው። ሲመሽ ጉድጓዱ ይገባል። ሲገባ ግን ትልቁ ከርከሮ በኋላው ነው የሚገባው፤ ፊቱና ክራንቻው ወደ ውጭ ይቀራል። ሲወጣ ታዲያ ተወርውሮ ነው። በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ከላይ ያለው ትልቁ ክራንቻ ዓይን ይስባል፤ የሚቆርጠው ግን የታችኛው አጭሩ ነው። አፉን በከፈተና በዘጋ ቁጥር ከላይኛው ጋር እየተፋተገ ራሱን ይስላል። "የሱ ቢላ ሁልጊዜ የተሳለ ነው" አሉኝ አጎቴ። "ከጉድጓድ ፊት አትቁም። መንገድ ልቀቅለት። ያን ጩቤ አውጥተህ የምትጠብቀው ከሆነ ከነገ ጀምሮ አትምጣ።"

አነጋገራቸው ከበደኝ። ጩቤውን ግን አልተውኩትም።

ጥቅምት ላይ ሁለት ነገር በተከታታይ ሆነ። የመጀመሪያው የራሴ ጉዳት ነው። ጎህ ሳይቀድ ከማማው ወርጄ ወደ ጩኸቱ ስሮጥ ቦይ ውስጥ ወደቅኩ። ጩቤው ወገቤ ላይ፣ ከፊት በኩል ነበር። አፎቱ ስስ ቆዳ ነው፤ ጫፉ ቀዶት ወጣና ጭኔን ወጋኝ። አምስት ቦታ ተሰፋሁ። ከርከሮው እኮ አጠገቤም አልነበረም።

ሁለተኛው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። አንድ ጎረቤት በአጥሩ ክፍተት ላይ የገመድ ወጥመድ አኑሮ ነበር። የአጎቴ ውሻ ገባበት። ገመዱ አንገቱ ላይ ጠብቋል፣ ውሻው ይወራጫል፣ ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል። ጩቤዬን መዘዝኩ። በገመዱና በአንገቱ መሃል ለማስገባት ሞከርኩ። አልሆነም። በሁለቱም ጎን ስለት ስላለው፣ እንዴትም ባዞረው አንደኛው ስለት ወደ አንገቱ ይሆናል። ርዝመቱ ደግሞ ጫፉ የት እንዳለ እንዳላይ አደረገኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚህ መሃል የአጎቴ ባለቤት ሽንኩርት የሚከትፉባትን ትንሽ ቢላ ይዘው ሮጠው መጡ። ጀርባዋን ወደ ውሻው አንገት፣ ስለቷን ወደ ውጭ አድርገው አስገቡ። አንዴ ሳቡ። ገመዱ ተበጠሰ። ውሻው ተረፈ።

የዚያን ቀን ማታ ማማው ላይ ሆኜ በማሳው ቢላ ምን ምን እንደሠራሁ ቆጠርኩ። ገመድ ቆርጫለሁ። የማዳበሪያ አፍ ፈትቻለሁ። ለጅራፍ ጠፍር ቀድጃለሁ። ለአጥር ችካል አሹያለሁ። ሸንኮራ ልጫለሁ። ከእነዚህ አንዱም እንኳ 25 ሳንቲ ሜትር አይፈልግም። አንዱም ሁለት ስለት አይፈልግም።

ጥር ላይ ጩቤውን ይዤ ሐረር አንድ ቀጥቃጭ ጋ ሄድኩ። አሳጥረው እንዲሠሩልኝ ነበር ሐሳቤ። ሽማግሌው ሞረድ አነሱና ስለቱን አንዴ ፈገፈጉት። ሞረዱ ሳሙና ላይ እንደሄደ ገባበት።

"አቦ፣ ይህን ማን ሠራልህ?"

"ገበያ ነው የገዛሁት።"

"ፌሮ ነው። ፌሮ ቤት ያቆማል እንጂ ስለት አይዝም።"

ጠንካራ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፤ ለስላሳ ላይ ይበላል። ይህን መፈተኛ ያኔ ነው የተማርኩት፤ አሁን ቢላ ስገዛ ሻጩን አስፈቅጄ ከእጀታው አጠገብ በትንሹ እሞክራለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው ካርቦን ነው። ፌሮ ውስጥ ያለው ካርቦን ትንሽ ስለሆነ አግለው ዘይት ውስጥ ቢያጠልቁትም በቂ ጥንካሬ አያገኝም። የመኪና ባሌስትራ ግን ወደ 0.6 በመቶ ካርቦን አለው፤ ሲጠልቅ ይጠነክራል። ሽማግሌው "ከቆራሌው ባሌስትራ ፈልገህ አምጣ፣ የተሰነጠቀ እንዳይሆን" አሉኝ። አመጣሁ።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁ። ወናፍ እየነፋሁም አገዝኩ። ብረቱ ቀልቶ ማግኔት መሳብ ሲያቆም ትንሽ ጨምረው ያግሉትና ዘይት ውስጥ ያጠልቁታል። እንዲሁ ቢተዉት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ አጽድተው እንደገና ቀስ ብለው ያሞቁታል፤ ብረቱ የገለባ መልክ ሲያወጣ ያቆማሉ። ያን ቢጫ ቀለም እየጠበቁ ትንፋሻቸውን ሲይዙ አየኋቸው። እንዲህ ያለ ጥበብ ያላቸውን ሰዎች "ቡዳ" እያልን ስንሰድብ መኖራችን ያሳዝነኛል። የማረሻውም፣ የመጥረቢያውም፣ የሽንኩርቱ ቢላም ባለቤቶች እነሱ ናቸው።

አዲሱ ቢላ ስለቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር። ስለቱ በአንድ ጎን ብቻ ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቃል፤ ስለዚህ እጀታው ቢሰነጠቅ እንኳ ቢላው አይነቀልም። እጀታው ወይራ ነው። ከስለቱ መነሻ ላይ ለጣት ማቆሚያ ትንሽ ጉብታ አስወጣሁለት። እጅ በላብ ወይም በጭቃ ሲርስ ጣት ወደ ስለት የሚሾልከው እዚያ ጋ ነው። በእጀታው ጫፍ ቀዳዳ አስበስቼ ብርቱካናማ ገመድ አሰርኩበት፤ ሣር ውስጥ ቢወድቅ በባትሪ ቶሎ ይታያል።

መሳል ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። የካቲትና መጋቢትን ማታ ማታ በእሱ አሳለፍኩ። ችግሬ አንግሉ ነበር። እጄ በእያንዳንዱ ስበት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለቱም ከመሳል ይልቅ ይዶለዱማል። መፍትሔ የሆነኝ ማርከር ነው። የስለቱን ጠርዝ በማርከር ቀባሁት፣ ውሃ በነካው ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስቴ ሳብኩት፣ ከዚያ አየሁ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ቢላው በጣም ተኝቷል። ጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ በጣም ቆሟል። እኩል ሲለቅ ልክ ነው። የእኔ ቢላ ወርዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጀርባውን ከድንጋዩ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሳደርገው ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ለገመድና ለእንጨት ይህ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስስ ካደረጋችሁት ችካል ስታሾሉ ይሸረፋል።

አንዱን ጎን መቼ ማቆም እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። አሁን በሌላው ጎን በአውራ ጣቴ ስዳስስ፣ ከጀርባ ወደ ስለት አቅጣጫ፣ የሚይዝ ስስ የብረት ፍንጥር እስኪሰማኝ እስላለሁ። ከዚያ እገለብጣለሁ። መጨረሻ ላይ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ፣ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትኩ፣ ሃያ ጊዜ ያህል እጠርገዋለሁ። ጋዜጣ በአየር ላይ ይዤ ሳይንጨራጨር ከቆረጠ ጨረስኩ።

አፎቱን ራሴ ሰፋሁት። ክሩንም የስፌት መኪና ዘይቱንም ከጀጎል፣ ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ከመኪና ግርግር ገዛሁ። የመጀመሪያው አፎት ተበላሸ፤ ስለቱ ክሩን ከውስጥ በጠሰው። አንድ ጫማ ሰሪ ምክንያቱን ነገረኝ። በሁለቱ ቆዳ መሃል፣ በስለቱ በኩል፣ ሦስተኛ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ መግባት አለበት። ስለቱ ያን ይነካል እንጂ ስፌቱን አይነካም። ቆዳውም 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። አፎቱ ጥልቅ ነው፤ ከእጀታው ግማሽ በላይ ይውጣል። ገልብጬ አራግፌው አልወደቀም።

የምይዘው ከቀኝ ዳሌዬ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ነው፤ ጫፉ ወደ ታች፣ ስለቱ ወደ ኋላ። ከፊት አልይዝም። ጎንበስ ስትሉም ስትወድቁም ጫፉ ጭንና ብሽሽት ነው የሚያገኘው። ጠባሳዬ ምስክር ነው። አንገት ላይ ማንጠልጠልም አልወድም፤ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። እየሮጡ ቢላ መምዘዝ ደግሞ ፈጽሞ የለም።

ከተማ ውስጥ ወገቤ ላይ አላደርገውም። ከአፎቱ ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ወደ ባቢሌ ስሄድ ኬላ ላይ ፍተሻ ካለ፣ ቦርሳው ከመከፈቱ በፊት "ውስጥ የማሳ ቢላ አለ" እላለሁ። እስካሁን ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ያን ጩቤ ይዤ ግን ሁለቴ ወርጄ ተጠይቄአለሁ።

የባሌስትራ ብረት ይዝጋል። ይህን ችላ ብዬ በክረምቱ ቢላውን አፎቱ ውስጥ ትቼው ሰነበትኩ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ሳወጣው ጎኑ ሁሉ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኗል። በአመድና በጨርቅ አሽቼ አጸዳሁት፤ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ግን ቀሩ። አሁን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ ከአፎቱ ውጭ ነው የማሳድረው።

መስከረም 2018 ከገባ አራት ቅዳሜ ሄጃለሁ። ከርከሮዎቹ በምሥራቅ በኩል ባለው ቦይ ነው የሚመጡት፤ እናትና ሦስት ግልገል፣ ጅራታቸውን እንደ አንቴና አቁመው። ጅራፍ ሲጮህ ይሄዳሉ፣ ማግስቱን ይመለሳሉ። ባለፈው እሁድ ክፍተቱን በግራር እሾህ ስንዘጋ አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። ቢላውን በእጀታው በኩል ሰጠኋቸው። ሦስት ገመድ ቆረጡ፣ ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩት፣ በእጀታው በኩል መለሱልኝ። "ብረቱ ተርፏል?" አሉኝ።

ተርፏል። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥቃጩ ጋ ተቀምጧል። የእሳቸው እጅ ከእኔ ይሰፋል፤ ስለዚህ እጀታውን አንድ ጣት ያህል አስረዝመዋለሁ። ወይራውን ትናንት ቆርጬ ጥላ ሥር አድርጌዋለሁ፤ እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው።